«ስሜ አንተ ልጅ አይደለም»

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። ዕድሜዬ 29 ነው። ትንሽ ብየዳ ቤት አለችኝ፤ በርና መስኮት እሠራለሁ። እናታችን ያረፈችው የዛሬ 9 ዓመት ነው። ያኔ እኔ 20 ዓመቴ ነበር፣ ታናሽ ወንድሜ 7። አባታችን ከዚያ በፊት ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ልጅ እናቱም አባቱም እኔ ነኝ።

ልጁ ከድሮም ዓይን አፋር ነው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። ሱቅ ልኬው መልስ ቢጎድል ተመልሶ መጠየቅ ያፍራል። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀ እጁን አያወጣም ይሉኛል መምህራኑ። ብየዳ ቤት ሲያግዘኝም ለክቶ ሲያበቃ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እኔም እንዳይሳሳትብኝ ብዬ ደግሜ እለካለሁ።

ትምህርቱ ሲቆራረጥ ጌም ቤት መዋል ለመደ። ጓደኞቹ ኳስ ሲጫወቱ እሱ የሚጫወተው አንድ ራሰ በራ ግዙፍ ሰውዬና ትንሽ ልጁ ያሉበትን ነው። ጎድ ኦፍ ዋር ይባላል። ማታ ቤት ሲገባ ወሬው ሁሉ ስለዚያ ልጅ ነው፤ አትሬየስ እንዲህ አለ፣ አትሬየስ እንዲህ ሆነ። እኔ ቀኑን ሙሉ ስበይድ ውዬ ዓይኔ እየተቃጠለ ነው የምገባው። «ተወኝ እስቲ» እለዋለሁ።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ያ ዓይን አፋር ልጅ ጠገበ። ስናገረው ይመልስልኛል። ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ በር ሊያሠሩ መጡ። ዋጋ ስንነጋገር ወንድሜ መሃል ገብቶ፣ አንቱ የሚባሉትን ሰው አንተ ብሎ፣ «ብር ከሌለህ በእሾህ እጠረው» አላቸው። ሽማግሌው ምንም ሳይሉ ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማታውን ጌም ቤት ሄጄ በጓደኞቹ ፊት ጆሮውን ይዤ ጎትቼ አወጣሁት።

አላለቀሰም። በሩ ላይ ቆሞ «አንተ ክራቶስ ነህ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንተ ልጅ፣ አንተ ልጅ! ስሜ አንተ ልጅ አይደለም። ደግሞስ ከዩኒቨርሲቲ ተባርሮ የመጣ ሰው ምን ያስተምረኛል?» አለኝ። እኔ አልተባረርኩም። ሁለተኛ ዓመት ላይ እናታችን ስታርፍ እሱን ለማሳደግ ነው ያቋረጥኩት። ሸክም እንዳይሆንበት ብዬ ነግሬው አላውቅም።

ይኸው 11 ቀኑ፤ አክስታችን ቤት ነው ያለው። አክስቴ «ባሕር ዳር አጎቱ ጋ ይሂድ» ትላለች። ጓደኞቼ ደግሞ «ጌም ቤቱን አስከልክለው» ይላሉ። ልጁን ያበላሸው ጌሙ ነው? ሽማግሌ ልኬ ላምጣው ወይስ ራሱ እስኪመጣ ልጠብቅ? ቤቱ ጭር ብሎብኛል።

ወንድምየው፣ ከፍኖተ ሰላም

ምላሽ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው የከነከነኝ የሽማግሌው ነገር ነበር። በሁለተኛው ጆሮውን ይዘህ ያወጣህበት። በሦስተኛው ግን ዓይኔ የቀረው «ተወኝ እስቲ» የምትለው ላይ ነው። እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስላንተ ልበል። 20 ዓመት ዕድሜ አይደለም። በ20 ዓመቱ ሰው ገና ልብሱን እናቱ ታጥብለታለች። አንተ በዚያ ዕድሜ የ7 ዓመት ልጅ እያበላህ፣ እያለበስክ፣ ሌሊት ሲያተኩሰው እየተነሣህ አሳደግክ። ዛሬ የምትጨነቀው ስለምትወደው ነው። ይህን ከደብዳቤህ እያንዳንዱ መስመር ላይ አይቼዋለሁ። አሁን የምጽፍልህ ያጠፋኸውን ልቆጥርብህ አይደለም። ወንድምህ ሲነግርህ የከረመው ነገር ስላለና እኔ እሱን በአጋጣሚ ስለማውቀው ነው።

ጨዋታውን አውቀዋለሁ። ደብረ ማርቆስ ያለው የእህቴ ልጅ ሲጫወት አንድ ክረምት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ስለዚህ አንተ ያልሰማኸውን ወሬ ልንገርህ። ወንድምህ ሊነግርህ የፈለገው እዚያ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ያ ራሰ በራ ሰውዬ ክራቶስ ነው። ስፓርታዊ ጦረኛ ነበር። የግሪኩ የጦርነት አምላክ አታልሎት የገዛ ሚስቱንና ልጁን ገደለ። ቆዳው ነጭ የሆነው አመዳቸው ሰውነቱ ላይ ተጣብቆ ስለቀረ ነው። ይህ የድሮው ታሪኩ ነው። ወንድምህ የሚጫወተው ደግሞ በሚያዝያ 2010 ዓ.ም ለፕሌይስቴሽን 4 የወጣው ነው። እዚያ ክራቶስ ሸምግሎ ሰሜን አገር፣ በረዶ ውስጥ ይኖራል። ሌላ ሚስት አግብቶ ነበር። ታሪኩ የሚጀምረው እሷ ከሞተች በኋላ ነው። አባትና ልጅ ሬሳዋን አቃጥለው አመዷን በከረጢት ይዘው ይነሣሉ። ኑዛዜዋ አመዴን ከሁሉም ዓለማት ከፍ ካለው ተራራ ላይ በትኑልኝ የሚል ነው።

እናት የሞተችባቸው ሁለት ወንዶች። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ትልቁ ሐዘኑን ዋጥ አድርጎ የሚሠራ፣ የማይናገር። ትንሹ የሚያናግረው ያጣ። ወንድምህ ከዚያ ሁሉ ጨዋታ መርጦ እዚህኛው ላይ የተቀመጠው ለምን ይመስልሃል?

አንድ ቦታ ልንገርህ። ገና መጀመሪያው ላይ ነው። አባትየው ልጁን አደን ያወጣዋል። ልጁ አጋዘን ያያል፤ ይቸኩላል፤ ሳይታዘዝ ይተኩሳል፤ ይስታል። አባትየው ይጮህበታል፣ ቀስቱንም ይነጥቀዋል። ልጁ ይቅርታ ሲል ይቅርታው አያስፈልገኝም፣ ተሻሽለህ አሳየኝ ዓይነት መልስ ነው የሚያገኘው። በኋላ አጋዘኑን ያገኙታል፤ ልጁም በቀስት ይመታዋል። ነፍሱ ግን አልወጣችም። አባትየው በቢላዋ ጨርሰው ይለዋል። ቢላዋው የእናትየዋ ነው። የልጁ እጅ ይንቀጠቀጣል። አልቻለም። አባትየው እጁን በልጁ እጅ ላይ ይጭንና አብሮት ይገፋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነው እንድታይልኝ የምፈልገው። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አባትየው ከኋላው እጁን ይዘረጋል። ትከሻውን ሊነካው ነው። እጁ አየር ላይ ይቆያል። ከዚያ ይመልሰዋል። ልጁ አላየም።

የእህቴ ልጅ እዚህ ጋ ሲደርስ ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ዝም አለ። ምን ሆንክ ስለው «አየሽ፣ ይወደዋል እኮ» አለኝ።

ያ አባት ልጁን በስሙ አይጠራውም ማለት ይቻላል። «አንተ ልጅ» ነው የሚለው። መንገዱን ሁሉ፣ «አንተ ልጅ» ና፣ «አንተ ልጅ» ተኩስ። ወንድምህ «አንተ ክራቶስ ነህ» ሲልህ ጨካኝ ነህ ማለቱ ብቻ አይመስለኝም። እጅህን ትዘረጋለህ፣ ግን ትመልሰዋለህ እያለህ ነው። በንዴት የተናገረው ቢሆንም እንደ ስድብ ብቻ አትቁጠርበት።

ልጁን ደግሞ እየው። አትሬየስ አባቱ የማይችለውን ይችላል። የአገሩን ጽሑፍ ያነባል፤ እናቱ ናት ያስተማረችው። በር ላይ የተቀረጸውን ለአባቱ እያነበበ የሚተረጉምለት እሱ ነው። ግን ራሱን እንደ ሸክም ነው የሚያየው። አባቴ እኔን ይዞ መሄድ አልፈለገም ብሎ ያስባል። የሚታመም ልጅ ነው፤ የሕመሙንም ምክንያት አያውቅም። አባቱ ግን ያውቃል። አባትየው አምላክ ነው፣ ልጁም የአምላክ ዘር ነው። አባት ይህን የደበቀው ሊጠብቀው ብሎ ነው። የራሱን የድሮ ደም እንዳያይበት ብሎም ነው። ልጁ ግን ማንነቱን ሳያውቅ በመኖሩ ውስጡ ከራሱ ጋር ይጣላል፤ ሊሞት ይደርሳል። አባት መድኃኒት ፍለጋ እስከ ሙታን አገር ይወርዳል።

ልብ በልልኝ። ለመጠበቅ ብሎ የተደበቀ እውነት ነው ልጁን ያሳመመው። አንተም የደበቅከው አለህ።

አሁን የጥጋቡን ነገር ልንገርህ፤ ምክንያቱም አንተ ያለኸው እዚህ ጋ ነው። ልጁ ይድናል። አባት በመጨረሻ ይነግረዋል፤ አምላክ ነህ ይለዋል። ልጁ ይጠግባል! ያ በየመንገዱ ይቅርታ የሚል ልጅ ልቡ ያብጣል። መሣሪያቸውን የሚሠራላቸው ሲንድሪ የሚባል ደግ አንጥረኛ አለ፤ እሱን ይንቀዋል፣ ስለ ችግርህ ማን ይጨነቃል በሚል ድምፅ ያናግረዋል። ሞዲ የሚባለው ጠላታቸው ተሸንፎ፣ ተደብድቦ መቆም አቅቶት መንገድ ላይ ሲያገኙት እናቱን ይሰድብበታል። አባትየው ተወው ይለዋል። ልጁ አልሰማም። በቢላዋ ይወጋዋል፣ ገደል ይከተዋል። አምላክ አይደለን፣ የፈለግነውን ብናደርግስ ይላል። ቆይቶም ተው ሲባል ቀስቱን በገዛ አባቱ ላይ ይተኩሳል።

ስለዚህ «ልጁን ያበላሸው ጌሙ ነው?» ላልከኝ መልሴ አይደለም ነው። ጨዋታው ይህን ጥጋብ እንደ ጀግንነት አያሳየውም። ስታየው ታፍርለታለህ፤ አባትየውም አፍሮ ነው የሚያየው። ወንድምህ በሽማግሌው ፊት የሠራው ያንኑ ነው። ምናልባት እሱም አውቆታል። ደካማ ነኝ ብሎ ዓመታት የኖረ ልጅ መጀመሪያ ጉልበት ሲያገኝ ልኩን አያውቅም። አዲስ በያጅ ኤሌክትሮዱን ሲይዝ እንዴት ነው? አንዴ አይነካውም፣ አንዴ ላሜራውን ይበሳዋል። እጁ ልኩን የሚያገኘው ስንት ከበሳ በኋላ ነው?

ግን አንድ ነገር ሳልደብቅህ ልንገርህ። ጨዋታው ደም አለበት፣ ብዙ። በአሜሪካ መመዘኛ ከ17 ዓመት በላይ፣ በአውሮፓ ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ ነው የተባለው። ወንድምህ 16 ነው። እኔ ብሆን በዚህ ምክንያት ብቻ ሙሉ በሙሉ አልከለክለውም፤ ግን ብቻውን እንዲያየው አልተወውም። ሰዓቱም ልክ ይኑረው። ቀን ሙሉ ጌም ቤት መዋል የምንም ጌም ይሁን ጥሩ አይደለም። ይህ ግን እሱ ወደ ቤት ከገባ፣ ኩርፊያውም ከወጣለት በኋላ የምትነጋገሩበት ነው። ለጌም ቤቱ ባለቤት «እንዳታስገባው» ብለህ አትንገር። ዓይን አፋር ልጅ ያሉትን ጥቂት ጓደኞች ትነጥቀዋለህ፤ ደግሞም ዳግመኛ በሰው ፊት ነው የምታዋርደው።

ልጁ ከዚያ ጥጋብ እንዴት ወጣ? ይህን ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም በአንድ ቁጣ አልወጣም። ጥፋቱ ያመጣውን አየ። አባቱ በስተመጨረሻ አፉን ከፍቶ የራሱን ነውር ነገረው፤ የገዛ አባቴን ገድያለሁ አለው። ልጁም እኛ አማልክት እንዲህ ብቻ ነን ወይ ብሎ ሲጠይቀው ክራቶስ የሚመልስለት የትኛውን ዓይነት እንደምንሆን የምንመርጠው እኛ ነን እያለ ነው። ተራራው ጫፍ ሲደርሱ አመዱን አብረው ይበትኑታል። ሲመለሱም አባትየው አትሬየስ የሚለውን ስም ከየት እንዳመጣው ይነግረዋል። በስፓርታ አብሮት የነበረ ወታደር ነበር አሉ፤ ጨለማ በሆነው ሁሉ መካከል ፈገግታ የማያጣው፣ ለሌሎች ተስፋ የነበረ። «አንተ ልጅ» ሲባል የኖረው ስም ለካ እንዲህ ያለ ታሪክ ነበረው።

ለመሆኑ የወንድምህን ስም ያወጣው ማነው? እናታችሁ ናት? ለምን እንዳወጣችው ያውቃል? አንተ ታውቃለህ እሱ ግን ላያውቅ ይችላል፤ ሲወለድ 13 ዓመትህ ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ራግናሮክ ይባላል፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም የወጣ ነው። ከመጀመሪያው 3 ዓመት በኋላ ይጀምራል። ልጁ ጎርምሷል። ተደብቆ ይወጣል፣ ይዋሻል፣ አባቱ አይገባውም። ልክ እንደናንተ ቤት። እዚህ ጋ ስለ አጨዋወቱ አንድ ነገር ልንገርህ፤ የእህቴ ልጅ ነው ያሳየኝ። በመጀመሪያው ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትጫወተው አባትየውን ሆነህ ነው። ጆይስቲኩ ላይ የካሬ ምልክት ያለባት ቁልፍ አለች። እሷን ስትጫን ልጁ ይተኩሳል። ልጁ ረዳት ነው፤ አባት ያዝዛል፣ እሱ ይተኩሳል። በሁለተኛው ክፍል ግን አንዳንዱ ምዕራፍ ላይ ልጁን ራሱን ሆነህ ትጫወታለህ። አባትየው የለም። መንገዱን የሚመርጠው ልጁ፣ የሚሳሳተውም ልጁ ነው።

ይሳሳታልም። ከባድ ስሕተት። ቲር የሚባለውን ታጋሽ አምላክ ከእስር እናስፈታ ብሎ አባቱን የገፋፋው እሱ ነው። ያስፈቱት ግን ቲር አልነበረም፤ መልኩን ለውጦ የተቀመጠው ጠላታቸው ኦዲን ነው። ይህ ሲገለጥ ኦዲን ብሮክን ይገድለዋል። ብሮክ የሲንድሪ ወንድም ነው፤ ያ አትሬየስ የናቀው አንጥረኛ ወንድም። ሲንድሪ ከዚያ በኋላ ልጁን አይምረውም። አትሬየስ ይለምነዋል፤ ሲንድሪ ፊቱን ያዞራል። ጨዋታው እዚህ ጋ አያስታርቃቸውም። ልጁ ያንን ይዞ ነው የሚሄደው። ለእኔ የበሰለው እዚህ ነው። ማንበብ ሲያውቅ አይደለም፣ ቀስት ሲችል አይደለም፤ ይቅርታ ጠይቆ ሳይሰጠው ሲቀር፣ ሳይጮኽና ሳያመካኝ ቆሞ ሲቀበለው ነው።

በመጨረሻም ልጁ ብቻዬን መሄድ ያለብኝ መንገድ አለ ይላል። አባትየው ያቅፈዋል። በመጀመሪያው ክፍል አየር ላይ የቀረችው እጅ እዚህ ደረሰች። ከዚያ ይለቀዋል።

አሁን ወደ ብየዳ ቤትህ ልምጣ። ወንድምህ ሲለካ ዓይን ዓይንህን ያይሃል ብለሃል። አንተም ደግመህ ትለካለህ። በደንበኛ ፊት? በሌሎቹ ልጆች ፊት? አንተ ላሜራ እንዳይበላሽ ነው፤ ልክ ነህ፣ ብረት ዛሬ ውድ ነው። እሱ ግን እያንዳንዱን ድጋሚ ልኬት «አላምንህም» ብሎ ነው የሚሰማው። ካሬዋ ቁልፍ ሁልጊዜ ባንተ ጣት ሥር ናት። ከዚያ ቁልፍ ውጭ የተኮሳት የመጀመሪያ ጥይት ደግሞ ሽማግሌው ላይ አረፈች።

አባቴ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ቅኔ ለመማር ጎንጅ ድረስ ሄዷል። እሱ ሲያጫውተን ተማሪው ጉባኤ ቤት ተቀምጦ አይደለም ቅኔውን የሚቆጥረው። ብቻውን ወደ ጫካ፣ ወደ ወንዝ ዳር ይሄዳል። የኔታ አይከተሉትም። እዚያ ደበሎውን ተከናንቦ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። ከዚያ ይመጣና ለየኔታ ይነግራል። እሳቸው ያኔ ያርሙታል፤ ይህ ቤት አይመታም፣ ይህ ምሥጢሩ ጎድሏል ይሉታል። ሲጀምር ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ናት፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው ስንት ጊዜ ታርሞ ነው። መታረም አለ። ግን መጀመሪያ ብቻውን ይሄዳል። አባቴ ጫካ ድረስ ተከትሎ የሚያርም መምህር አይቼ አላውቅም ይል ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ብታደርግስ?

ሽማግሌ አትላክ። ሽማግሌ የሚላከው ለተጣላ ባልና ሚስት፣ ለተጣላ ጎረቤት ነው። 16 ዓመት ልጅ ፊት ሦስት ጋቢ የለበሱ አባቶች ሲቀመጡ አዎ ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም፤ ያ አዎታ ደግሞ ቤት ድረስ አይቆይም። መጠበቅም ይብቃህ። ታናሽ ሲያኮርፍ ሆዱ የሚለው «ይመጣ ይሆን?» ነው። አሥራ አንድ ቀን በር በር እያየ ነው የከረመው ብዬ እገምታለሁ። ራስህ ሂድ። ብቻህን፣ ከሥራ በኋላ፣ ታጥበህ። አክስትህን ቀድመህ አናግራትና ቡና አፍልታ ትተዋችሁ ትውጣ። ስትገባ በስሙ ጥራው። ጆሮውን ስለመያዝህ ይቅርታ ጠይቀው፤ ስለዚያ ብቻ። «ግን አንተም» የሚል ቃል በዚያ ማታ ከአፍህ አይውጣ። የሽማግሌው ጉዳይ ሌላ ቀን አለው። ስታዝን አንገትህን የምትደፋ ከሆነ ያይህ። ማቀፍ ከቻልክ ደግሞ እቀፈው። ወንድሞች በእኛ አገር ሲተቃቀፉ ያፍራሉ፣ አውቃለሁ። ቢሆንም።

ስለ ዩኒቨርሲቲው ንገረው። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በል። ክራቶስ እውነቱን ሲናገር ጎደሎ አድርጎ ነው የተናገረው፤ አምላክ ነህ ብሎ ክብሩን ሰጠው፣ ክብደቱን ግን ቆይቶ ነው ያሳየው። አንተም «ላንተ ስል ትምህርቴን ጣልኩ» ብቻ ብትለው ዕዳ ነው የምታሸክመው። ሙሉውን ንገረው። ያን ጊዜ ምን ፈራህ? የትኛውን ትምህርት ትወድ ነበር? ጓደኞችህ ሲመረቁ ምን ተሰማህ? ብየዳውን ማን አስተማረህ? መምረጥህን ንገረው፤ መገደድህን ሳይሆን። ተባረርክ የሚለውን ከየት እንደሰማው አትመርምረው፣ አትቆጣውም። የልጁ ጥፋት አይደለም፤ ያልተነገረውን ባዶ ቦታ ሰው በሰማው ይሞላዋል።

የሽማግሌው ነገር ግን አይታለፍም። ይህን የምለው ጥብቅ ብዬ ነው። ሰውዬው ተዋርደዋል፣ በእርጅናቸው። ከታረቃችሁ በኋላ፣ ሳምንት ሳይሞላ፣ ቤታቸውን አፈላልጋችሁ አብራችሁ ሂዱ። መንገዱን አብረኸው ሂድ፤ ደጃፋቸው ላይ ግን ዝም በል። እሱ ይናገር። ጉልበት ስሞ ወይም በፈለገው መንገድ። ሊመርቁት ይችላሉ፤ የእኛ ሽማግሌዎች ልባቸው ሰፊ ነው። ላይቀበሉትም ይችላሉ። ካልተቀበሉት አንተ ገብተህ አታስታርቅ። ሲንድሪን ያስታውሰዋል። መመለሻ ላይም አትምከረው፣ ዝም ብላችሁ ሂዱ።

ከዚያ አንድ ሥራ ስጠው። ትልቅ በር አይሁን። ከቱቦላሬ የምትሠራ አንዲት ትንሽ መስኮት። ከደንበኛው ጋር ዋጋ የሚነጋገረው እሱ፣ የሚለካው እሱ፣ የሚቆርጠው፣ የሚበይደው፣ ሄዶ የሚገጥመው እሱ። አንተ ሜትሩን አትንካ። በጣም ከባድ ይሆንብሃል። መስኮቷ ብትጠብ የሚያርመው ራሱ ነው፤ ጠይቆህ ከመጣ ብቻ አሳየው። ለጠፋው ብረት ቀድመህ ገንዘብ ለይተህ አስቀምጥ፤ እንደ ትምህርት ቤት ክፍያ ቁጠረው። ዩኒቨርሲቲ ብትልከው ይህን ታወጣ አልነበር?

ባሕር ዳር መሄዱን አሁን አትወስን። አጎቱ ጋ መሄድ መጥፎ አይደለም፤ ምናልባት አንድ ቀን ጥሩም ይሆናል። ግን ተኳርፎ የሚሄድና ተቃቅፎ የሚሄድ አንድ አይደሉም። ያ በጨዋታው ውስጥ ያለው ልጅም የሄደው ከታቀፈ በኋላ ነው። ከወር በኋላ ራሱን ጠይቀው፤ ሊሄድ ይፈልጋል ወይ?

አክስትህን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ይበላል? ይተኛል? ዝምታው ኩርፊያ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም። ምግብ ካስጠላው፣ ሌሊቱን የማይተኛ ከሆነ፣ «እኔ ባልኖር ይሻላል» ዓይነት ንግግር ካመጣ ግን ሳምንት አትጠብቅ። ያንኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ይዘኸው ሂድ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያየውም ጠይቅ። እናቱን በ7 ዓመቱ ያጣ ልጅ ሐዘኑ አንዳንዴ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ «ተወኝ እስቲ» ልመለስ። ያ ሁሉ የአትሬየስ ወሬ የወንድምህ የራሱ ወሬ ነበር። እናቴን አስታውሳለሁ ማለት አቃተው፤ እናቱ የሞተችበትን ልጅ ነገረህ። እፈራለሁ ማለት አቃተው፤ እጁ የሚንቀጠቀጠውን ልጅ ነገረህ። ዓይን አፋር ልጅ እንዲህ ነው የሚያወራው። አንተም ደክመህ ነበር፤ ማንም በዚያ ድካም አይሰማም። ግን ወሬው አላለቀም። ጌም ቤቱ ቀን ሰባት ሰዓት ግድም፣ የኳስ ተጫዋቾቹ ምሳ ሲሄዱ ጭር ይላል። አንድ እሑድ የአንድ ሰዓት ሒሳብ ክፈልና አጠገቡ ተቀመጥ። የት ደርሷል? የመጀመሪያውን ነው ወይስ ሁለተኛውን? ጥጋቡ ላይ ነው ያለው ወይስ ተራራውን አልፎታል? አጋዘኑ ያለበትን አሳየኝ በለው። ሲያሳይህ ስለ ሥራ አታውራ፣ ስልክህንም አታውጣ።

ጆይስቲኩን ቢሰጥህ ተቀበለው። ካሬዋ በቀኝ በኩል ካሉት አራት ቁልፎች ወደ መሃሉ ያለችው ናት። እንደማትችል ያይ፣ እሱ ያስተምርህ። መስኮቷ ስትገጠምም ጻፍልኝ።